የጋሽ ነስሩ ጆሮ

ባለፈው ክረምት የኮንዶሚኒየም ቤቴን ወለል ሴራሚክ ያነጠፈልኝ ልጅ ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ሲል፣ የመዶሻውን እጀታ ገልብጦ ከበሩ ጀምሮ እያንዳንዱን ሴራሚክ ማንኳኳት ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። መስኮቱ ሥር ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ዱም አለ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና "ይቺ ከሥሯ ባዶ ናት፣ ሲሚንቶው አልያዛትም። ነቅዬ እመልሳታለሁ" አለ። ሴራሚኳ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ። የእርጥብ ሲሚንቶው ሽታና ያ ዱም ያለው ድምፅ አንድ ላይ ሆነው ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ወሰዱኝና መርካቶ ጭድ ተራ ጀርባ የነበረው ግቢያችን ውስጥ ጣሉኝ። ልጁ የተናደድኩበት መስሎት "ችግር የለም እትዬ፣ በነጻ ነው የማስተካክለው" አለኝ። እትዬ መባሉ ራሱን የቻለ ሐዘን ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን ልተወው።

ግቢያችን የቀበሌ ነበር። ስድስት ክፍል ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። እናቴ ከእህል በረንዳ ነጋዴዎች የተቀደደ ጆንያ እየሰበሰበች በወስፌና በሲባጎ እየጣፈች መልሳ ትሸጥላቸው ስለነበር፣ ቤታችን ሁልጊዜ የጤፍ ብናኝና የከረመ ባቄላ ይሸታል። ትምህርት ቤት ልጆቹ "ጆንያ" ይሉኝ ነበር። አልዋሽም፣ ይከፋኝ ነበር። ከኛ ቀጥላ ባለችው ክፍል ውስጥ ይኖር የነበረው ጋሽ ነስሩ ነው። ይኖር ነበር ማለት ብዙውን ጊዜ በሩ በቁልፍ እንደተዘጋ ይከርም ነበር ማለት ነው፤ አራት አምስት ወር ይጠፋና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሸራ ሻንጣውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ቅንድቡ ላይ ግራጫ አቧራ እንደተጋገረ ከች ይላል። የናፍጣና የድማሚት ሽታ ይዞ ነው የሚመጣው። ቢጫ የራስ ቆቡን ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ይሰቅልና በቧንቧው ሥር ራሱን ሲታጠብ ውሃው ጠቁሮ ይወርዳል።

ሥራው ዋሻ መቆፈር ነበር። ከአገሩ ከስልጤ የወጡት ሦስት ወንድሞቹ መርካቶ ውስጥ ሸሚዝና ብርድ ልብስ ያከፋፍላሉ፤ እሱ ብቻ ነው ለኃይል ማመንጫ የሚሆን ውሃ በተራራ ሆድ ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ ሲቦረቡር የኖረው። ወንድሞቹ "ሰው መርካቶ ገብቶ ይከብራል፣ የኛው ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ቀረ" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ቀልድ እሱ ዘንድ አይደርስም። ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት ናቸው። አንቱታ አይወድም። "ጋሼ በይኝ፣ እሱ ደህና ነው። አንቱ ካልሽኝ ግን ጡረታ የወጣሁ ታስመስይኛለሽ" ስላለኝ ከሰፈሩ ትልልቅ ሰው ሁሉ አንተ የምለው እሱን ብቻ ነበር፤ ለዚህም በልቤ እኮራ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዝቶ መጣና ደጃፋችን ላይ ካለው የጆንያ ክምር ላይ ተቀምጦ ዋሻ እንዴት እንደሚቆፈር አሳየኝ። በክብሪት እንጨት የዳቦውን ጫፍ ይበሳሳዋል። "ተራራ ከዳር አይበላም" ይለኛል፣ "መጀመሪያ መሐሉን ታስለቅቂያለሽ። መሐሉ ባዶ ሲሆን የቀረው ወደ ባዶው ይወድቃል።" በየቀዳዳው ድማሚት እንደሚታጨቅ፣ መሐለኛው ቀድሞ ዳር ዳሩ ተከትሎት እንደሚፈነዳ፣ ጭሱ በትልቅ ማራገቢያ እስኪወጣ ሁሉም ሰው ውጭ እንደሚጠብቅ ነገረኝ። ቁፋሮው ከተራራው ወዲህና ወዲያ በአንድ ጊዜ ይጀመራል። መሐንዲሶቹ መስመሩን በመሣሪያ ይለካሉ፤ ሁለቱ ቡድን ግን ሳይተያይ ዓመት ሁለት ዓመት እየቆፈረ ይቀራረባል። የመጨረሻው ግድግዳ ሲበሳ መጀመሪያ የሚመጣው ነፋስ ነው። ያ ነፋስ ሽታው ሌላ ነው አለኝ። ከዚያ አንዱ እጁን ያሾልካል፣ ከወዲያ በኩል አይቶት የማያውቀው ሰው እጁን ይይዘዋል። ይህን ሲነግረኝ ጣቱን በዳቦው አንድ ጫፍ አስገባ፤ እኔንም በሌላው ጫፍ እንዳስገባ አዘዘኝ። ትኩሱ ዳቦ ውስጥ ጣታችን ተገናኘ። እናቴ ወስፌዋን እንደያዘች "ዳቦ እኮ ነው፣ አሻንጉሊት አደረጋችሁት?" ብላ ተቆጣች፤ የበላነውም ቀዳዳ በቀዳዳ እንደሆነ ነው።

ከሥራ ጓደኞቹ መካከል ስሙ የተጠራው ግን በቁፋሮው አይደለም፣ በጆሮው ነው። ፈንጂው ፈንድቶ ጭሱ ከወጣ በኋላ ጣሪያው ላይ ሳይወድቅ ተንጠልጥሎ የሚቀር አለት አለ። ማንም ሰው ከመግባቱ በፊት አንድ አድማጭ ረጅም ዲጂኖ ይዞ ብቻውን ይገባና ጣሪያውን እየመታ ያዳምጣል። ጤነኛ አለት እንደ ደወል ይመልሳል፤ ከሥሩ የለቀቀ አለት ዱባ እንደ መምታት ነው። አድማጩ "ግቡ" ካለ ይገባል፤ ዝም ካለ አይገባም። ጋሽ ነስሩ አሥራ ሦስት ዓመት አድማጭ ነበር። በእነዚህ ዓመታት እሱ ግቡ ብሎት የገባ ሰው አንድም አልተጎዳም። ይህን የሰማ የሰፈር ሰው ሁሉ የሸክላ ዕቃ ሲገዛ እሱን ይዞ መሄድ ጀመረ። ድስት፣ ጀበና፣ እንስራ በጣቱ አጥንት አንኳኩቶ ስንጥቁን ያወጣዋል። ሸክላ ተራ ያሉ ሻጮች ከሩቅ ሲያዩት "መጣ ደግሞ ይሄ ሐኪም" ይሉ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ የማኅበር ተራ ደርሷት ለጠላ የሚሆን ጋን ፈለገች፤ ጋሽ ነስሩም በዚያው ሳምንት ከሥራ መጥቶ ነበር። "የማልጠጣውን ጠላ ዕቃ እኔ ልምረጥ? ነገ መስጊድ ስሄድ ምን ልል ነው?" እያለ እያሾፈ ሦስታችን ሸክላ ተራ ወረድን። ሻጯ አንድ ትልቅ ጋን አቀረበች። ጋሽ ነስሩ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ አጥንት አንኳኳው። ዱም አለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ በደንብ ሰምቻለሁ። ሻጯን አየኋት፣ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ጋሽ ነስሩ ግን ዓይኑን ገለጠና "ደህና ነው፣ ግዢው" አለ። ዝም አልኩ። የሰፈሩ ጆሮ ደህና ነው ካለ እኔ የጆንያ ሰፊ ልጅ ምን ቤት ነኝ?

ጠላው በተጠነሰሰ በሁለተኛው ቀን ወለሉ ረግረግ ሆነ። እናቴ ሻጯን እስከ ሰባት ትውልዷ ረገመቻት፤ ዕቃውን በኋላ ለውጣብን ነው ብላ ነው የደመደመችው። ጋሽ ነስሩ መጥቶ ከጋኑ አጠገብ ቁጢጥ አለና ስንጥቁን በጣቱ ፈልጎ አገኘው። ብዙ ቆየ። እናቴ መጥረጊያ ልታመጣ ስትወጣ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሂሩት፣ ያን ቀን ሰምተሽ ነበር?"

"አዎ ጋሼ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንተ ደህና ነው አልካ።"

ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ዛሬም አልረሳውም። ጎልማሳ ሰው ሲፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ከጆንያው ክምር ላይ አስቀምጦ እውነቱን ነገረኝ። በመጨረሻው ዋሻ ውስጥ ሳይፈነዳ የቀረ ድማሚት ሰው እያለ ፈንድቶ፣ ግራ ጆሮው ያኔውኑ ደንቁሯል። ቀኙ ውስጥ ደግሞ ሌት ተቀን የማይጠፋ የኮምፕሬሰር ጩኸት አለ። ሰው የሚለውን የሚያውቀው ከንፈር እያየ ነው። መርካቶ ውስጥ ማንም አልነቃበትም፤ እዚህ ሁሉ ሰው እየጮኸ፣ በእጁም ጭምር ነው የሚያወራው። ቤቱ ያለውን የዘፈን ቴፕ ለምን ግቢው እስኪናወጥ ድረስ እንደሚከፍት የገባኝ ያን ዕለት ነው። እኛ እኮ ዘፈን ወዳድ ነው እያልን ነበር የምናማው።

በወሩ መጨረሻ ሌላ ዋሻ ይጀመራል፤ አዲሱ ኩባንያ ደግሞ የሐኪም ወረቀት የሌለውን ሰው አይቀጥርም። ምርመራው ላይ ጆሮ አለበት። ቀድመውት የተመረመሩ ጓደኞቹ እንደነገሩት፣ ሐኪሙ ከጀርባ ይቆምና በሹክሹክታ ቁጥር ይጠራል፣ አንተ ትደግማለህ። ከወደቀ የሚጠብቀው የወንድሙ ሱቅ ነው። "ሸሚዝ ሳጥፍ ነው የምሞተው" አለኝ። "ማዳመጡን ትቻለሁ፣ ሂሩት። ማሽን ላይ ነው የምሠራው። ማሽን ጆሮ አይፈልግም።" ምን እንደሚፈልግ ሳይጨርስ ገባኝ። ደግሞም ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው ምሥጢሩን ሲያካፍለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለት ሳምንት ተለማመድን። እናቴ እህል በረንዳ ስትሄድ እኔ ከፊት ለፊቱ እቀመጥና ድምፅ ሳላወጣ ቁጥር እጠራለታለሁ፤ እሱ ጮክ ብሎ ይደግማል። "አፍሽን አታጋኚው። ማስቲካ የምታኝኪ ነው መምሰል ያለብሽ" ይለኛል። የግቢው ሰው ሒሳብ የሚያስጠናኝ መስሎት አመሰገነው። በቀጠሮው ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እኔን የወንድሙ ልጅ አድርጎ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ገባን። ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል። ግድግዳው ላይ ጡት የምታጠባ እናት ሥዕል ተለጥፏል። ኮቱን አስታቅፎኝ ትይዩ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። መርማሪው እንቅልፍ ያልጠገበ ወጣት ነበር፤ ከጋሽ ነስሩ ጀርባ ቆመና በወረቀት አፉን ከልሎ "አርባ ሁለት" ሲል አንሾካሾከ። እኔ ማስቲካዬን አኘክሁ። ጋሽ ነስሩ "አርባ ሁለት" አለ። ሰባት ቁጥር ጠራ፣ ሰባቱንም መለሰ። መርማሪው ማኅተሙን ሲመታ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። ስንወጣ ለስላሳና ቦምቦሊኖ ገዛልኝ፤ እጄን ይዞ ተክለ ሃይማኖት አደባባይን ሲያሻግረኝ ከመርካቶ ልጅ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ መሬት አልረግጥ ብዬ ነበር። የልጅ ነገር።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው እትዬ አስካለ መጡ። እህል በረንዳ ምስርና አተር የሚለቅሙ፣ እናቴን በጆንያው ሥራ የሚያውቋት ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ታደለ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ኩንታል በጋሪ የሚገፋ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ፣ ሲያገኘኝ ጋሪው ላይ አውጥቶ እንደ ኳስ በተነፋ ጆንያ ላይ የሚያስቀምጠኝ ልጅ ነው። እትዬ አስካለ ጋሽ ነስሩን "ልጄን ከዚህ ጋሪ አውጣልኝ። አንተ ካለህበት ምን ይሆናል ብዬ እፈራለሁ?" ብለው ለመኑት። ጋሽ ነስሩ አፋቸውን ትክ ብሎ እያየ ሰማቸውና እሺ አለ። አውቶቡስ ተራ የሸኘናቸው በጠዋት ነው። ታደለ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ የእናቱን የቆሎ ከረጢት ተቀበለ፤ ጋሽ ነስሩ ደግሞ በመስኮቱ ውስጥ ሆኖ ማስቲካ እንደሚያኝክ ሰው አፉን እያንቀሳቀሰ አሳቀኝ። ከኔ በቀር የቀልዱ ነገር የገባው ሰው አልነበረም።

በሄዱ በስድስተኛው ወር፣ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ የእድር ሰዎች በራችንን አንኳኩተው እናቴን ጠሯት። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ ተከተልኳት። እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ ሰው በዝምታ ተሰብስቧል። አስከሬኑ ማታ ደርሶ ሆስፒታል ነው ያደረው፤ እናቲቱ ሌሊቱን በሰላም ይተኙ ተብሎ ነው። አንድ የእድር ሽማግሌ በሩን ሲመታ እትዬ አስካለ ከፈቱ፣ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አዩ፤ ማንም ሳይናገር "ታደለ?" አሉ። የዚያን ጩኸት ነገር መጻፍ አልችልም። ጋሽ ነስሩ መንገዱ ማዶ ከጭድ ጫኝ መኪና ጎን፣ የአቧራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ወደ ግቢው ለመግባት ድፍረት አላገኘም። ጩኸቱን በዓይኑ ያየው ነበር።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አስከሬኑን አጅቦ የመጣ አንድ ወጣት ሠራተኛ፣ እጁ በፋሻ የታሰረ፣ ለእናቴ የሆነውን ነገራት። ጋሽ ነስሩ መጀመሪያ ማሽን ላይ ነበር። ከዚያ የዋሻው አድማጭ ታሞ ወደ አገሩ ሄደና ካቦው "አንተ እያለህ ማን ያዳምጣል?" ብሎ ያዘው። ሦስት ቀን እንቢ አለ። ምክንያት ሲጠየቅ ምክንያት አልነበረውም። በአራተኛው ቀን ዲጂኖውን አነሳ።

"ወር ሙሉ ምንም አልሆነም" አለ ልጁ። "ያን ቀን ጣሪያውን ሦስቴ መታው። ሦስቴም ዱም ነው ያለው። ከኋላ ሆነን ሰምተናል።"

"ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?" አለች እናቴ።

"ግቡ አለና። ጋሽ ነስሩ ግቡ ካለ ማን አፉን ይከፍታል? ታደለ ነው ቀድሞ የገባው።"

እናቴ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የኔና የነዚያ ሠራተኞች ዝምታ ወርቅ አልነበረም። ያ እጁ የታሰረው ልጅ ግን ቢያንስ ጣሪያው ዱም ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዝም ያለው። እኔ ጋኑን ሰምቼ ዝም ብያለሁ፣ ደንቆሮ መሆኑን አውቄ ዝም ብያለሁ፣ እትዬ አስካለ ልጃቸውን በእጁ ሲሰጡትም አጠገባቸው ቆሜ ዝም ብያለሁ። ከዚያም ብሶ ሰባት ቁጥር ጠርቻለሁ።

ጋሽ ነስሩ ወደ ዋሻ አልተመለሰም። ከፖሊስም ከኩባንያውም በኩል የጠየቀው የለም፤ አደጋ ነው ተብሎ ታለፈ። ወንድሙ ሱቅ ተቀጠረና ሸሚዝ ማጠፍ ጀመረ። ቴፑ ከዚያ ወዲያ ተከፍቶ አያውቅም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ክፍት ከሆነ በሌላው በኩል ዞሬ እገባ ነበር። ምናልባት ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየሁ። አንድ ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ጋ ተገጣጠምን። እኔ ባልዲ ይዣለሁ፣ እሱ ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ እጅጌውን ሰብስቧል። ባልዲውን አስቀመጥኩና ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ…" አልኩ።

ከንፈሬን አየ። ቀጥሎ ምን እንደምል ያወቀ ይመስለኛል። ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮውን በእጁ መድፈን ነበረበት፤ ለእሱ ፊቱን ማዞር በቂ ነበር። ለጀርባው ብዙ ተናገርኩ፤ እኔ ነኝ ቁጥሩን የጠራሁት፣ እኔ ነኝ ታደለን የገደልኩት አልኩት። ውሃው ይወርዳል። ስጨርስ ዞሮ ባልዲዬን ሞላልኝና እስከ ደጃፋችን ተሸክሞ አደረሰልኝ። የጠላኝ መሰለኝ። ለአሥር ዓመት ያህል የጠላኝ መስሎኝ ኖርኩ።

ከዚያ ግቢያችን ለሕንፃ ሲፈርስ ተበታተንን። እኛ ከከተማው ዳር የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣልን፤ እሱ አገሩ ገባ። ስንለያይ ዕቃችንን መኪና ላይ አብሮ ጭኖ፣ እናቴን ተሰናብቶ፣ እኔን ግንባሬን ሳመኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለሁ እናቴ መርካቶ ወርዳ የወንድሙን ልጅ አገኘችውና ጋሽ ነስሩ ታሞ ቆይቶ መሞቱን፣ ከተቀበረም ወር እንደሆነው ሰማች። ማልቀስ ያቃተኝን ያህል ያን ቀን አለቀስኩ። በሳምንቱ እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። ለማን ብዬ እንደምሄድ በደንብ አላውቅም ነበር። ብቻ ከዚያ ምሥጢር ጋር ብቻዬን መቅረት አልቻልኩም።

ከእህል በረንዳ ጀርባ ያው ቤታቸው ነው። ደጃፋቸው ላይ በሰፌድ ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው። አረጁ እንጂ ወዲያው ነው ያወቁኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የጋኑን፣ የጆንያ ክምሩን፣ ክሊኒኩን፣ ማስቲካውን። አላቋረጡኝም። ጣታቸው ግን ምስሩ ላይ ቆመ።

"ነስሩ ጆሮው እንደማይሰማ እኔ አውቃለሁ" አሉ ሳበቃ። "በአርባው ማግስት መጥቶ፣ እዚህች ደፍ ላይ ተንበርክኮ ነግሮኛል። ሐኪሙን አታልዬ ነው የገባሁት አለኝ። በያዝኩት ዘነዘና ልለው ቃጥቶኝ ነበር።"

"ታዲያ ስለኔስ ምን አለዎት?"

"አንቺን አላነሳም። እንዴት አድርገህ አታለልከው ብዬ ጠየቅሁት። ከፊት ለፊቴ የመድኃኒት ቁም ሳጥን ነበር፣ በመስታወቱ ውስጥ የሐኪሙን ከንፈር እያየሁ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲያ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ይመጣ ነበር፤ እየመጣ እዚያ ጋ ቁጭ ይላል። አንዳንዴ ያንኑ ይደግምልኛል፣ የመስታወቱን ነገር። ሰምቼዋለሁ እኮ ነስሩ ስለው እንኳ ይደግመዋል።"

"እትዬ፣ መስታወት አልነበረም።"

"አሁንማ ነገርሽኝ" አሉ።

ያ ሁሉ ዓመት ገባኝ። የኔን ድርሻ ከራሱ ላይ ደርቦ፣ ማንም እንዳይደርስበት መስታወት ፈጥሮ ከልሎት፣ ይዞት ሞቷል። ቧንቧው ጋ ፊቱን ያዞረብኝ ጥፋቴን ከኔ አፍ መቀበል ስላልፈለገ ነው። አመሰግናለሁ የምለው ሰው ስልጤ አፈር ውስጥ ነው ያለው። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ፊት ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

"ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?" አሉኝ።

"አሥራ አንድ።"

 መንገዱ ላይ ጋሪ ገፊዎች "ዞር በሉ" እያሉ አለፉ፤ እትዬ አስካለ እስኪያልፉ ድረስ በዓይናቸው ተከተሏቸው።

"እሱን ይቅር ብዬው አላውቅም" አሉ። "ልጄን ነው። እየመጣ ሲቀመጥም ውሃ እንጂ ሌላ ነገር ሰጥቼው አላውቅም። አንቺን ግን ምን ልበልሽ?"

ከዚያ ሰፌዱን ወደኔ ገፉት።

"ዓይኔ ደክሟል። ጠጠሩን ልቀሚልኝ።"

ፀሐይዋ ከደጃፉ እስክትለቅ ድረስ ተቀምጬ ለቀምኩ።